«ካሜራው እንዳይቆም»፦ በትንሽ ገንዘብ ተሠርተው ስለሚያስደነግጡና ስለሚያስቁ ፊልሞች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ የጃፓን ፊልም ላይ ነው፤ «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ»። ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዌዳ ነው። ፊልሙ ቶኪዮ ውስጥ ኤንቡ ሴሚናር ከተባለ የትወናና የፊልም ማሠልጠኛ ወርክሾፕ የተወለደ ሲሆን፣ ወጪው 3 ሚሊዮን የን፣ ማለትም ከ30 ሺህ ዶላር ያልበለጠ ነበር። በ8 ቀን ተቀርጾ አለቀ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «ይህን ካላየህ ፊልም አየሁ አትበል» ብለው አስጀመሩኝ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘጋሁት። ተዋናዮቹ ንግግር መሀል ዝም ብለው ይተያያሉ፣ ካሜራው መሬት ወድቆ እዚያው ይቀራል፣ አንዲት ሴት ያለ ምክንያት «ፖም!» እያለች ትጮኻለች። ሰው ምን አግኝቶበት ነው ደጋግሞ የሚያየው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የዘጉት ፊልሙ ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። አጠቃላይ ርዝመቱ 96 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ያለ አንድም ከት፣ ማለትም ምስሉ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ፣ የተቀረጹ ናቸው፤ በአንድ የተተወ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ የዞምቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች እውነተኛ ዞምቢ ሲመጣባቸው ያሳያሉ። ደካማ ሆነው የታዩዎት በእርግጥም ደካማ ስለሆኑ ነው። ግን እያንዳንዱ ድክመት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ዕዳ ነው፤ ቀሪው አንድ ሰዓት ዕዳውን አንድ በአንድ ይከፍላል። እንደገና ይጀምሩት፣ እስከ 37ኛው ደቂቃ ይታገሡት። ፊልሙን ገና ያላያችሁ አንባቢያን ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት፤ ምስጢሩ እዚያ ነው።

ታሪኩ አንድ ወር ወደ ኋላ ይመለሳል። ሂጉራሺ የሚባለው ዳይሬክተር በፍጥነት፣ በርካሽና በመካከለኛ ጥራት በመሥራት የሚታወቅ ሰው ነው። አዲስ የተከፈተ የዞምቢ የቴሌቪዥን ጣቢያ የግማሽ ሰዓት ፊልም፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ በአንድ ካሜራ፣ ያለ ከት እንዲሠራ ያዝዘዋል። በዕለቱ ሁለት ተዋናዮች ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ዳይሬክተሩና ሚስቱ ገብተው ይተካሉ። አንዱ ተዋናይ ሰክሯል፣ የሌላው ሆድ ተበላሽቷል። ያ አሰልቺ ዝምታ ከፍሬም ውጪ (ካሜራው ከሚያሳየው ውጪ) የሰከረው ሰው ተጎትቶ እስኪቀርብ ጊዜ መሙያ ነበር። ካሜራው መሬት የቀረው የካሜራማኑ ወገብ ስለከዳው ነው። «ፖም!» ሚስትየው የተማረችው ራስን የመከላከል ስልት ነው። መጀመሪያ ላይ ስንፍና የመሰለን ሁሉ የሰው ላብ ሆኖ ይገኛል። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መጨረሻ ላይ ዓይን የሚያረጥበውም ከዚሁ ነው።

ደጋግሞ መታየቱ በዚህ ይገለጻል፦ ሁለተኛ ሲያዩት የመጀመሪያው ክፍል ሌላ ፊልም ይሆናል። መስፋፋቱም ከዚሁ ባሕርዩ ጋር የተያያዘ ነው። በኅዳር 2017 ለስድስት ቀን ብቻ ታየ። በሰኔ 2018 በቶኪዮ ሁለት ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ፤ ተዋናዮቹ እየመጡ ከተመልካች ጋር ይገናኙ ነበር። ያየው ሰው ላላየው መናገር የሚችለው «ሂድና እይ፣ ከዚህ በላይ አልነግርህም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። በመጨረሻ ከ300 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገብቶ ከ3 ቢሊዮን የን በላይ የትኬት ሽያጭ አስገኘ፤ የወጪው ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። በ2022 የካን ፌስቲቫል መክፈቻ የነበረው የፈረንሳይ ፊልም የዚሁ ፊልም ዳግም ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን 15 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ-ሾት የዞምቢ ኮሜዲ ለመቅረጽ ተነሥተናል። ያለን አንድ ፎቶ ካሜራ፣ ሁለት ስልክና የምንጠቀምበት ባዶ መጋዘን ነው። ከምን እንጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ካሜራውን ለጊዜው አስቀምጡት። የመጋዘኑን ንድፍ ከነበሩ፣ ከነደረጃውና ከነመስኮቱ በወረቀት ሣሉ። ስክሪፕቱን በደቂቃ ከፋፍሉና በእያንዳንዱ ደቂቃ ካሜራው የት እንደቆመና ማን እንደሚታይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደማይታይ ጻፉ። ያለ ከት በሚሠራ ፊልም ከባዱ ሥራ ያለው ከካሜራው ጀርባ ነው። ከፍሬም የወጣው ተዋናይ ቁስል ለብሶ፣ ደም ተቀብቶ፣ በሌላ በር ዞሮ ለመግባት ስንት ሰከንድ አለው? በሰዓት ለኩት። ቀድሞ የተዘጋጀ ቁስል መለጠፍ እንኳን ወደ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ሊረዝምም ሊያጥርም የሚችል ንግግር ጻፉ፣ ማርዘምና ማሳጠር የሚችል ተዋናይም መድቡ። ጀማሪዎች የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ስክሪፕቱ ሁሉም ሰው በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ ያስባል።

ልምምዱን በአራት ዙር አድርጉት። መጀመሪያ ያለ ትወና በእግር ብቻ፤ ቀጥሎ በስልክ እየቀረጻችሁ፤ ከዚያ በሙሉ ትወና ግን ያለ ደም፤ ደሙ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም ደም ከፈሰሰ በኋላ ወለል ማጠብ፣ ፊት ማጽዳትና ልብስ መቀየር በቀላሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል። ዌዳ 37 ደቂቃውን በሁለት ቀን ስድስት ጊዜ ቀርጾታል፤ በቀን ሦስት ማለት ነው። ለእናንተም በቀን ከሦስት ቴክ (ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሚደረግ ቀረጻ) በላይ አይታሰብ። ደም የሚነካቸው ገጸ ባሕርያት አራት ከሆኑና ሦስት ቴክ ካሰባችሁ 12 ልብስ ያስፈልጋል። ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ሰብስቡ። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ያለው ቡድን፣ ምንም ጀግና ቢሆን፣ ሁለት ቴክ ብቻ ነው ያለው።

ስለ ዕቃው ይህን እወቁ። ብዙ የቆዩ የፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸው መቅረጽ ያቆማሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጥል ስለነበር አምራቾቹ ያደረጉት ገደብ ነው። ለ15 ደቂቃ አያሰጋችሁም፤ የጃፓኖቹን 37 የሚመኝ ግን አስቀድሞ ይፈትሽ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለ15 ደቂቃ 11 ጊጋባይት ገደማ፣ ለ37 ደቂቃ 28 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ካርዱ ፋይሉን በየ4 ጊጋባይቱ ቢከፋፍለው አትደንግጡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ተከታትሎ ይገጥማል። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ 14ኛው ደቂቃ ላይ የሚደወል ስልክ የቀኑን ሥራ ይጥለዋል። ፎከሱን፣ ብርሃኑንና የቀለሙን ሚዛን ቆልፉ። ያለዚያ ካሜራው ከጨለማ ወደ መስኮት በዞረ ቁጥር ምስሉ እየነጣና እየጠቆረ ይሄዳል። መስኮቶቹን በነጭ ጨርቅ ሸፍኑ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቴክ አትጀምሩ፤ እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ስለሚጨልም የመጨረሻው ደቂቃ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም።

ካሜራ የያዘው ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ደረጃ ይወርዳል። ቀበቶውን ይዞ የሚመራው አንድ ሰው ሳይኖር እንዳታስሞክሩት። ለአደጋ ጊዜ ማቆሚያ የሚሆን፣ ስክሪፕቱ ውስጥ የሌለ አንድ ቃል ተስማሙ፤ «ቁም!» እና «እርዱኝ!» በዞምቢ ፊልም ውስጥ ማንንም አያስቆሙም። ከዚያ ውጪ ያለው ስሕተት ሁሉ ይቀጥል። በጃፓኑ ፊልም ደም ሌንሱ ላይ ሲረጭ ካሜራማኑ ጠርጎ ይቀጥላል፤ ያልታቀደ ነበር፤ ዛሬ ግን አድናቂዎች ከሚያነሷቸው ቅጽበቶች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት አጭር ፊልም ደም በቲማቲም ድልህ ሠራን። ቪዲዮው ላይ ወጥ መስሎ ወጣ። ርካሽና ደም የሚመስል አሠራር ካለ ንገሩን። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ድልህ ብርሃን አያሳልፍም፣ ቅንጣቱም ይታያል። ደም ግን ወፍራም ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሲቀጥን ደግሞ ያሳልፋል። ይህን ባሕርይ የሚሰጠው የስኳር ሽሮፕ ነው። 1 ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ እሳት ላይ አሟሙ፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩና አምስት ደቂቃ ያህል ይፍላ። ሎሚው ከሌለ ሽሮፑ ሲያድር ተመልሶ ስኳር ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሊትር በጥቂቱ የሚበልጥ ይወጣችኋል። ሲቀዘቅዝ ለኬክ የሚሸጠውን ፈሳሽ ቀይ የምግብ ቀለም 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ ሰማያዊ በጠብታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ በትንሽ ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። ኮኮዋው ነው ደሙን ከሮዝነት የሚያድነው፤ ቀይ ቀለም ብቻ ከሆነ ነጭ ነጠላ ላይ የከረሜላ ውሃ ይመስላል። ቁስል ላይ እንዲቆም የምትፈልጉትን ብቻ በኮርን ፍላወር አወፍሩት።

ከመቅረጻችሁ በፊት በዚያው ካሜራና በዚያው መብራት ሞክሩት። በዓይን ትክክል የሆነው ቢጫ አምፖል ሥር ብርቱካናማ ይሆናል፤ ያኔ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ይበቃዋል። ልብስ ላይ ለሚፈሰው ደም አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ብትጨምሩ ሲታጠብ ይቀልላል፤ አፍ ውስጥ ለሚገባው ግን በፍጹም፣ ሁለቱን በተለያየ ጠርሙስ አድርጋችሁ ጻፉበት። ዓይን አካባቢ ምንም አታስገቡ። ወለል ላይ የፈሰሰ ሽሮፕ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፤ ተዋናዩ በሚሮጥበት መስመር ላይ አታፍስሱ። ዝንብና ጉንዳንም አይቀሩም፤ ዕቃውን ክዳን አድርጉለት።

ሲደርቅ የሚሆነውንም ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሳም ሬይሚ «ዘ ኢቭል ዴድ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም በ1979 መጨረሻና በ1980 መጀመሪያ ቴነሲ ውስጥ፣ በክረምት ብርድ ሲቀርጽ ደሙ በበቆሎ ሽሮፕና በቀይ ቀለም የተሠራ ነበር። ዋናው ተዋናይ ብሩስ ካምቤል በደም የራሰ ሸሚዙን እሳት ዳር አድርቆ ሊለብሰው ሲል ተሰበረ። ደም የነካ ልብስ ለቀጣዩ ቀን ከፈለጋችሁ እርጥብ እያለ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አኑሩት።

ጥያቄ፦ ዞምቢያችን ሊያስደነግጥ ብቅ ሲል ተመልካቹ ይስቃል፤ ልናስቅ ስንል ደግሞ ዝም ይላል። የሁለቱ ልክ የት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ድንጋጤና ሳቅ አንድ ዓይነት አሠራር ነው ያላቸው። ተመልካች አንድ ነገር ይጠብቃል፣ ይቆይበታል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ይመጣል። ልዩነቱ ያለው በርቀቱ ነው። ለማስደንገጥ ካሜራውን ጠጋ አድርጉ፣ የተመልካቹ ዓይን ከሚያርፍበት ጎን ያለውን ቦታ አራት አምስት ሰከንድ ባዶ ተዉት፤ ዞምቢው ተመልካቹ በሚጠብቀው ቅጽበት ሳይሆን አንድ ምት ዘግይቶ ይምጣ። ለማሳቅ ራቁ፤ ሙሉ ሰውነቱ ይታይ፣ ከት አታብዙ። ሰው ሲወድቅ የሚያስቀው ከመውደቁ ይልቅ ከመነሣቱ ጋር ያለው ትግል ነው፤ ያንን ቆርጣችሁ ከጣላችሁት ሳቁን ጣላችሁት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተዋናዩ እንዳይስቅ ነው። ሬይሚ በ1987 ባወጣው ሁለተኛው «ኢቭል ዴድ» የካምቤል የራሱ እጅ በርኩስ መንፈስ ተይዞ ይደበድበዋል፤ ሳህን እያነሣ ራሱ ላይ ይሰብርበታል። ካምቤል አንዴም «ቀልድ ነው» የሚል ፊት አያሳይም። ሕመሙ እውነት፣ ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ እንስቃለን፣ ወዲያው ደግሞ እንሳቀቃለን። እኛ አገር ብዙ ኮሜዲዎች ላይ የሚገባው «ቦይንግ» የሚል የቀልድ ድምፅ እዚህ መርዝ ነው። ተመልካቹ መቼ እንደሚስቅ ከተነገረው መፍራት ያቆማል፣ መፍራት ካቆመ ደግሞ ሳቁም ይቀልላል።

የማይታየው ክፉ መንፈስ ጫካ ውስጥ የሚሮጥበት የሬይሚ ሾትም ለኪሳችሁ ይስማማል። ካሜራው ረጅም ጣውላ መሀል ላይ ተጠምዶ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ይዘው ይሮጣሉ። ጣውላው የእጅን ትንንሽ መንቀጥቀጥ ይውጣል፣ ሰፊ ሌንስ ደግሞ የቀረውን ይደብቃል። ሁለት ሜትር ገደማ ጣውላ፣ በስልክ መያዣ የተጠመደ ስልክና ሰፊው ሌንስ ይበቃችኋል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ሩጡ፤ ካሜራው ዝቅ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ የጨመረ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ማይክ የለንም፣ ሰፈሩም ይጮኻል። ድምፁ ሁሉን ያበላሽብናል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን፣ «ባድ ቴስት»ን፣ አብዛኛውን በቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በአራት ዓመት ውስጥ ሲሠራ ቦታው ላይ ምንም ድምፅ አልቀረጸም፤ ንግግሩም ጩኸቱም ኋላ የተጨመረ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያሉትን የሌላ ዓለም ፍጡራን ጭምብል የጋገረው በእናቱ ምድጃ ነበር። የእሱን መንገድ ያዙ። በቀረጻ ጊዜ ስልክ ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ንግግሩን ለመመሪያ ያህል ቅረጹ። ከዚያ ማታ ብርድ ልብስና ፍራሽ በተደገፈባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ተዋናዩ ምስሉን እያየ ይድገመው፤ ከማይኩ አንድ ስንዝር ተኩል ይራቅ። ሁሉም ሰው ከቀረጻው በኋላ ባለው ሳምንት ይምጣ፤ ወር ካለፈ የጩኸቱ ስሜት ይጠፋል። ለንክሻ ቃሪያና ካሮት ስበሩ፣ ለሥጋ እርጥብ ፎጣ ጭመቁ። ባዶ ጸጥታ እንዳይሰማ የመጋዘኑን አየር ብቻ አንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ ከሥር አንጥፉት።

ጥያቄ፦ ሆን ብለን መጥፎ ፊልም ብንሠራ ሰው በመጥፎነቱ አይወደውም? (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ አይወደውም። ተመልካች ያልተለፋበትን ነገር በአምስት ደቂቃ ያውቃል። ከላይ ያነሳናቸው ሥራዎች በሙሉ አቅማቸው የፈቀደውን ያህል ጥሩ ለመሆን የታገሉ ናቸው፤ ሰው የሙጥኝ ያለው ትግሉን ነው። የዌዳ ፊልም መጥፎ የመሰለውን ክፍል ለማሰናዳት ከጥሩ ፊልም የበለጠ ስሌት ጠይቋል።

ጥያቄ፦ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው አብረው የሚያዩት የፊልም ምሽት አለን። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶች እንዲከታተሉ በአማርኛ ጽሑፍ አንድ አሮጌ አስፈሪ ኮሜዲ ማሳየት እንፈልጋለን። የሕግ ችግር የሌለበት አለ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የሮጀር ኮርማንን «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» እንመክራለን። የ1960 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ደም እየጠጣች የምታድግ አበባ ስላለችው የአበባ ሱቅ ሠራተኛ ይተርካል። ለሌላ ፊልም ተሠርቶ በተረፈ የመቅረጫ ግንባታ ላይ ዋናው ቀረጻ በሁለት ቀንና በአንድ ሌሊት ተጠናቋል። ጃክ ኒኮልሰን የጥርስ ሕመም የሚያስደስተው በሽተኛ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። የቅጂ መብቱ በወቅቱ ስላልተጠበቀ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ለማሳየት ፈቃድ አያስፈልግም። ሁለት ጥንቃቄ አድርጉ፦ በኋላ ቀለም የተነፋበትና አዲስ ሙዚቃ የገባበት ቅጂ የራሱ መብት ሊኖረው ስለሚችል ዋናውን ጥቁርና ነጭ ያዙ። በ1986 ከወጣው የሙዚቃ ፊልም ጋርም አታምታቱት፤ ያኛው ባለቤት አለው።

ጽሑፉን ስታዘጋጁ ከሁለት መስመር አትለፉ፤ አንድ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይቆይ። ቀልዱ ተዋናዩ ሳይናገረው በጽሑፍ ቀድሞ ከታየ እናቶቹ ይስቃሉ፣ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፤ የመጨረሻውን ሐረግ ለብቻው ክፈሉትና ቃሉ ሲነገር ይምጣ። የስድብ ቃላትን ቃል በቃል ከማምጣት ይልቅ እናት ልጇ ፊት ልትሰማው የምትችለውን እርግማን ፈልጉለት፤ አማርኛ እርግማን አያጣም። የጽሑፉን ፋይል ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አሠራር ምረጡ፣ ያለዚያ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ስሙን ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ አድርጋችሁ በአንድ ፎልደር ካኖራችሁት ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ራሱ ያነሣዋል፤ በምሽቱ ከምትጠቀሙበት ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ጋር ግን ከአንድ ቀን በፊት ሞክሩት።